ከዕቃው በፊት ንድፉ፦ በወሎ ኔትወርክ ለምታስተምሩና ለምታስገነቡ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በወሎ ለምትገኙ የኮምፒውተር ኔትወርክ መምህራንና አሠልጣኞች

ግልባጭ፦ ኔትወርክ ለሚያስገነቡ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና ለግዥ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የኔትወርክ ንድፍ መሠረታዊ ትምህርት ከዕቃና ከትእዛዝ ትምህርት እንዲቀድም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ መምህራንና አሠልጣኞች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በደሴና በኮምቦልቻ፣ አልፎ አልፎም በሐይቅና በወልድያ የኔትወርክ ሥራ እየሠራሁ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ተምረው የሚወጡ ልጆች ለትብብር ሥልጠና ወይም ለሥራ ወደ እኔ ስለሚመጡ፣ በየክፍሉ የሚሰጠውን ትምህርት በእጃቸው ሥራ ላይ አየዋለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የኬብሉን ስምንት ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድረው ጫፉን ሲያስሩ ስህተት አይገኝባቸውም፤ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ዕቃ) ውስጥ ገብተው ትእዛዝ ሲጽፉም ጣታቸው አይደናቀፍም። «ለዚህ መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ኔትወርክ ይስማማዋል? ለምንስ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ይህ የልጆቹ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም፤ ትምህርቱ የደረሳቸው ከጭራው ጀምሮ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ስዊች ከመንካቱ በፊት ኔትወርክን ማቀድ ይማር።

ለዚህ ልመና ያነሣሣኝን ነገር ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሰኞ ጠዋት በስልክ ጠራኝ። ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ሲሆን ወደ ዘጠና የሚጠጉ ኮምፒውተሮች አሉት። ስደርስ ባለጉዳዩ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ከኩታበር በሌሊት ተነሥተው የመጡ አንዲት እናት የዝናብ ውኃ ያራሰውን ነጠላቸውን እየጨመቁ «ሲስተም የለም አሉኝ፤ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ወደ ዋናው ራክ (የስዊቾቹ መደርደሪያ) ክፍል ስገባ የስዊቾቹ አረንጓዴ መብራቶች ሁሉ ባንድ ላይ ያለ ፋታ ይርገበገባሉ። ደህና በሆነ ኔትወርክ ላይ መብራቶቹ እንደየሥራቸው አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል፤ ሁሉም እኩል ሲርገበገቡ ግን ያየ ባለሙያ አንድ መልእክት ማቆሚያ አጥቶ እየዞረ መሆኑን ይጠረጥራል።

ጥርጣሬው ልክ ነበር፤ መልእክቱ የሚዞርበትን ቦታ ለማግኘት ግን ሁለት ቀን ፈጀብን። የኔትወርኩ ሥዕል የለም። ኬብሎቹ ላይ ምልክት የለም። በአንዱ ኬብል ጫፍ ላይ ብቻ፣ በተጠቀለለች ወረቀት፣ ከሦስት ዓመት በፊት በጡረታ የተሰናበቱ የሒሳብ ሠራተኛ ስም ተጽፏል። ከዚያ ውጭ ያለን ምርጫ ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱ መረጋጋቱን ማየት ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር፣ ባለ ስምንት ቀዳዳ ትንሽ ስዊች አገኘን። ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ ሲጸዳና ጠረጴዛው ሲዛወር፣ አንድ ቅን ሰው መሬት ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ አይቶ፣ የተነቀለ መስሎት ባገኘው ባዶ ቀዳዳ ሰክቶታል። የኬብሉ ሌላኛው ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ነበር።

ይህ ለምን መላውን ሕንፃ እንደሚያቆም ለተማሪ ማስረዳት የንድፍ ትምህርት መነሻ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሮች አንዳንዱን መልእክት ለአንድ ተቀባይ፣ አንዳንዱን ደግሞ በሠፈራቸው (ያለ ድንበር በተያያዘው ኔትወርክ) ላለው ሁሉ ይልካሉ። ስዊች ለሁሉም የተላከውን መልእክት ሲቀበል፣ ከመጣበት ቀዳዳ በስተቀር በሁሉም ቀዳዳዎቹ ያወጣዋል። መንገዱ ቀለበት ከሆነ ያው መልእክት ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገናም ይወጣል። የአይፒ ፓኬት (አድራሻ ይዞ ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚሄድ የመረጃ ጥቅል) በእያንዳንዱ ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ ዕቃ) ባለፈ ቁጥር የሚቀንስ የዕድሜ ቁጥር ስላለው፣ ቁጥሩ ሲያልቅ ይጣላል፤ ከሥሩ ያለው የኢተርኔት ፍሬም (ጥቅሉ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የሚጓዝበት ማሸጊያ) ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ኬብሉን እስኪነቅለው ድረስ እየተባዛ ሲዞር ይኖራል። መድኃኒቱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ራድያ ፐርልማን በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1985 የቀየሱት ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ዘዴ፣ ስዊቾች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ቀለበት የሚሠራውን መንገድ ራሳቸው እንዲዘጉ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ም በአይትሪፕልኢ (ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር) ደረጃ ወጥቶለታል። በዚያ መሥሪያ ቤት ዋና ስዊቾች ውስጥም ይኸው ዘዴና ከእርሱ ጋር የሚሄዱት ጥበቃዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከካርቶን እንደወጡ ስለተሰኩ፣ የትኛው ቀዳዳ ለተጠቃሚ፣ የትኛው ለሌላ ስዊች እንደሆነ ወስኖ ጥበቃውን ያበራ ሰው አልነበረም። አራቱም ፎቆች አንድ ሠፈር ሆነው ተያይዘው ስለነበርም የአንድ ክፍል ስህተት የሁሉም ሆነ። ፎቆቹ ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት የሚቆመው ቢበዛ ሦስተኛው ፎቅ ብቻ ነበር፤ እኒያ እናትም ጉዳያቸው ምድር ቤት ስለነበር ጨርሰው ይመለሱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የወሰነው ሌላ ውድ ስዊች መግዛት ነው። ይህ ውሳኔ ካደረብኝ ድካም ሁሉ በላይ አሳዘነኝ፤ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ሐሳብ ነበርና።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ። በብዙ ቦታ ትምህርቱ የሚጀምረው በኬብል ዓይነቶች ነው፤ ከዚያ ወደ ሰባቱ የኦኤስአይ ንብርብሮች (የኔትወርክን ሥራ በደረጃ የሚከፍል ንድፈ ሐሳብ) ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ትእዛዝ። ተማሪው ሰባቱን ንብርብሮች በቃሉ ይወጣቸዋል፤ የብቃት ምዘናውን ያልፋል። ንድፍ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ያለ፣ ጊዜ ሲያጥር የሚዘለል ምዕራፍ ሆኖ ይቀራል። ቤት የሚሠራ ሰው ሚስማር ከመምታቱ በፊት ስንት ቤተሰብ እንደሚኖርበት፣ ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ይጠይቃል። ኔትወርክም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የመጀመሪያው መሣሪያው ጥያቄ ነው። በዚህ ቤት ስንት ሰው ይሠራል? በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ይሆናል? የትኛው ሥራ ለአንድ ሰዓት ቢቆም ሰው ይጎዳል፣ የትኛውስ እስከ ነገ ይታገሣል? ማን የማንን መረጃ ማየት የለበትም? ለዓመት ጥገና የሚመደበው ገንዘብ ስንት ነው? ተማሪው እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ሂሳብ ክፍል፣ መዝገብ ቤት፣ ጥበቃ ቤት ድረስ ገብቶ ሰው ማነጋገር መልመድ አለበት። የጥበቃ ሠራተኛው መብራት በየስንት ቀኑ እንደሚጠፋና ጀነሬተሩ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚነሣ ከማንም በላይ ያውቃል።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ሜትር ይዞ መዞር ነው። የመዳብ ኬብል ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ድረስ 100 ሜትር ብቻ እንደሚፈቀድለት፣ ከዚህም 90 ሜትሩ በግድግዳ ውስጥ ለሚዘረጋው፣ ቀሪው 10 ሜትር በሁለቱ ጫፎች ለሚሰኩት አጫጭር ኬብሎች እንደሆነ ተማሪዎቹ ያውቁታል። የማያውቁት 100 ሜትር በእኛ አገር መሬት ላይ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ደሴ ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ አይደለችም። ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራ ግቢ በካርታ ሲታይ ሁለቱ ብሎኮች ስልሳ ሜትር ቢራራቁ፣ ኬብሉ ከጣሪያ ወርዶ፣ የድንጋይ ካቡን ዞሮ፣ ደረጃውን ተከትሎ ሲወጣ መቶ ሃያ ሊሆን ይችላል። ይህንን በስሌት ብቻ የሚያገኘው የለም፤ በእግር ተኪዶ ይለካል።

ስለ ብሎኮች ካነሣሁ ዘንድ፣ በእጄ ያየሁትን አንድ ጉዳት ልጨምር። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሕንፃዎችን በመዳብ ኬብል በአየር ላይ አገናኝተዋቸው ነበር። ርቀቱ ከመቶ ሜትር በታች ስለሆነ እንደ መጽሐፉ ስህተት የለበትም። ነሐሴ ላይ መብረቅ አቅራቢያው ሲወድቅ ግን በሁለቱም ጫፎች ያሉት ስዊቾች ተቃጠሉ፤ አንደኛውን ስንከፍተው በኬብሉ መግቢያ በኩል ያለው ሰሌዳ ጥቁር ሆኖ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ክፍሉን ሞላው። የሁለት ሕንፃዎች የመሬት ሽቦ እኩል ስለማይሆን መዳብ ሲያገናኛቸው ልዩነቱ በኔትወርኩ ዕቃ በኩል ያልፋል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ የወሎን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሄድ ርቀቱ አጭር ቢሆንም እንኳ፣ ብረት ያልተጠቀለለበትን ፋይበር ይመርጣል። እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው ንድፍ የሚባለው። ከትእዛዝ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

ሦስት ደረጃ ያለው አቀማመጥ በየመማሪያው አለ፤ ተጠቃሚው የሚሰካበት፣ ከዚያ በላይ ሕግና ቁጥጥር የሚደረግበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፍጥነት ማመላለስ ብቻ ሥራው የሆነ ዋና መስመር። ተማሪዎች ይህን ሥዕል በቃላቸው ይዘው ሃያ ኮምፒውተር ላለው ቢሮም ሦስቱንም ደረጃ ይሥላሉ። ለትንሽና ለመካከለኛ ግቢ ሁለቱን የላይኛ ደረጃዎች በአንድ ጥንድ ስዊች ማጠቃለል ተገቢ አሠራር መሆኑን፣ ዋናው ቁም ነገርም የደረጃው ቁጥር ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍል ሥራው ተለይቶ መታወቁና የአንዱ ብልሽት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ድንበር መኖሩ እንደሆነ ብትነግሯቸው ብዙ ገንዘብ ታድናላችሁ።

የአድራሻ ዕቅድን በተመለከተ ግን ጊዜ ወስጄ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየሄድኩበት የማገኘው ትልቁ ጉድለት እርሱ ነውና። ለውስጥ ኔትወርክ የተፈቀዱትን አድራሻዎች የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ሦስት ክልል ሰጥቶናል፤ 10.0.0.0/8፣ 172.16.0.0/12 እና 192.168.0.0/16 (ከመስመሩ በኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ክልሉ ይሰፋል)። የመጀመሪያው ብቻ ከአሥራ ስድስት ሚሊዮን በላይ አድራሻ ይይዛል። ያም ሆኖ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ብትሄዱ የምታገኙት 192.168.1.0/24 ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣ ዕቃው ይዞት መጣ እንጂ። ይህ ክልል ለ254 ዕቃዎች ይበቃል። በሠራተኛው ኪስ ያለው ስልክ፣ ካሜራው፣ ማተሚያው ሲጨመርበት ግን ያልቃል፤ «ዋይፋዩ ያገናኛል ግን አይሠራም» የሚባለው አቤቱታም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ከዚያም አንድ ቀን የደሴው ዋና ቢሮ ከኮምቦልቻው ቅርንጫፍ ጋር ይገናኝ ሲባል፣ ሁለቱም 192.168.1.0 ሆነው ይገኛሉ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ሲጠሩ ማን «አቤት» እንደሚል እንደማይታወቅ፣ ራውተሩም ፓኬቱን ወዴት እንደሚልከው አያውቅም። ያኔ ያለው ዘላቂ አማራጭ የአንደኛውን ቅርንጫፍ አድራሻ በሙሉ መለወጥ ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ ሠርቼው ሦስት የእሑድ ሌሊቶች ፈጅቶብኛል።

በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ይህ ሁሉ አይመጣም። ለደሴ 10.1.0.0/16፣ ለኮምቦልቻ 10.2.0.0/16፣ ለወልድያ 10.3.0.0/16 ይሰጥ። ሦስተኛው ቁጥር የሥራ ክፍሉን ያመልክት፤ ለምሳሌ 10 ለአስተዳደር፣ 20 ለሒሳብ፣ 30 ለመዝገብ ቤት፣ 40 ለእንግዳ ዋይፋይ፣ በሁሉም ቅርንጫፍ ተመሳሳይ ሆኖ። ከዚያ በኋላ 10.2.30.15 የሚል አድራሻ ያየ ባለሙያ ማንንም ሳይጠይቅ «ኮምቦልቻ፣ መዝገብ ቤት» ይላል። የዋናው ቢሮ ራውተርም በመንገድ ሠንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ አንድ መስመር ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ አዲስ ክፍል በተከፈተ ቁጥር ሌላ መስመር አይጻፍም። ተማሪ ሰብኔት (የአድራሻ ክፍፍል) ማስላትን እንደ ሒሳብ ልምምድ ብቻ ሲማረው ይሰለቸዋል። የሚያውቃቸውን ከተሞች ስም ይዞ ሲያሰላው ግን ቁጥሩ አገር ይሆንለታል።

ክፍሎቹን የሚለየው ቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ብዙ የተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፍል ዘዴ) ነው። በ802.1ኪው ደረጃ መሠረት የቪላን መለያው 12 ቢት ስለሆነ 4,094 ክፍሎችን መለየት ይቻላል፤ ከዚህ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ከአሥር አይበልጥም። ጥያቄው ስንት ይፈጠር የሚለው አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ይነጋገር የሚለው ነው። የተማሪ ውጤት ያለበት ሰርቨር ከተማሪዎች ዋይፋይ ጋር በአንድ ሠፈር መቀመጥ የለበትም፤ የታካሚ መዝገብ ከእንግዳ ማረፊያው ኢንተርኔት ጋር መነካካት የለበትም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ካወጣች በኋላ፣ ይህ መለያየት የጥሩ ባለሙያ ምርጫ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቪላን ፈጥሮ በመካከላቸው ያለውን በር ክፍት መተውም የተለመደ ስህተት ነው፤ ግድግዳ ሠርቶ በሩን ሳይገጥሙ እንደመሄድ ነው። ማን ወዴት ያልፋል የሚለው ሠንጠረዥ ከትእዛዙ በፊት በአማርኛ ተጽፎ፣ ኃላፊው አንብቦት መፈረም አለበት።

ስለ መጠባበቂያ መስመር ስታስተምሩ ሐረጎን አስቧቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምንወርድበትን ያን ጠመዝማዛ መንገድ ጭጋግ ሲሸፍነው ወይም መኪና ሲዘጋው ሁለቱ ከተሞች ምን እንደሚሆኑ የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሁለት መኪና መያዝ አያድንም፤ ሁለቱም የሚያልፉት በአንድ መንገድ ነውና። ኔትወርክም ላይ ሁለት ፋይበር በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ «መጠባበቂያ አለን» ማለት እንዲሁ ነው፤ አንድ የመንገድ ቆፋሪ ማሽን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይቆርጣቸዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መስመር ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁን ቢሠራ በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይቋረጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች በእርግጥ የማይገናኙ ከሆኑ ሁለቱም ባንድ ላይ የሚጠፉበት ጊዜ በዓመት ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል፤ በአንድ ጉድጓድ፣ በአንድ ምሰሶ ወይም በአንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ከተገናኙ ግን ያ ስሌት ዋጋ የለውም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከመስመሩ በፊት መብራቱ ይታሰብ። ሁለት ውድ ስዊቾች ገዝቶ ሁለቱንም ባትሪው በሞተ አንድ ዩፒኤስ ላይ የሰካ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ላሉት ደቂቃዎች የሚበቃ ባትሪ፣ ባትሪው የሚቀየርበት ቀንና ጤናማ የመሬት ሽቦ የንድፉ አካል መሆናቸውን ተማሪው ከመጀመሪያው ይወቅ።

በኬብሉ በኩል መብራት የሚወስዱ ካሜራዎችና የዋይፋይ ዕቃዎችም ሒሳብ አላቸው። 370 ዋት የሚያድል ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 15.4 ዋት ቢመደብ ሃያ አራቱንም ያዳርሳል፤ 30 ዋት የሚፈልጉ ዕቃዎች ከሆኑ ግን ከአሥራ ሁለቱ በኋላ ያልቅበታል። ዋይፋዩን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ዋይፋይ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑና በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ዕቃዎች ስለሚሻሙ፣ ዕቃ በጨመሩ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የምናስተምርበት ዕቃ የለንም» ይላሉ። ችግሩን አቃልዬ አላየውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ባለፈ ጊዜ ብዙ ተቋማት ኮምፒውተርና የኔትወርክ ዕቃቸው ተዘርፎና ተሰባብሮ እንደቀረ አብረን አይተናል፤ ከዚያ ወዲህ የተተካው ብዙው በተገኘው ዕቃ፣ በተገኘው ቦታ የተሰካ ነው። ሆኖም ንድፍ ለማስተማር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጉት ወረቀት፣ እርሳስና ሜትር ናቸው። ቀጥሎ ፓኬት ትሬሰር የተባለው ማስመሰያ ፕሮግራም በነፃ ስለሚገኝና መካከለኛ ላፕቶፕ ስለሚበቃው፣ ተማሪው የሣለውን ኔትወርክ ዕቃ ሳይገዛ ሊያንቀሳቅሰው፣ አንዱን ኬብል ሆን ብሎ ነቅሎ ምን እንደሚቆም ሊያይ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። የትምህርቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ዕቃ የማይነካባቸው ይሁኑ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው በከተማቸው ያለ አንድ እውነተኛ ሕንፃ፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በፈቃድ ገብተው ይለኩ፣ ሠራተኛውን ያነጋግሩ፣ ከዚያም የፍላጎት ጽሑፍ፣ የሕንፃውን ሥዕልና የአድራሻ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። ዋጋውንም ይገምቱ፤ ገንዘቡ በግማሽ ቢቀነስ መጀመሪያ ምን እንደሚያስቀሩ ይወስኑ። ነጥቡ ለሥዕሉ ውበት ሳይሆን ለ«ለምን» መልስ ይሰጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራቸውን በአማርኛ ቆመው ያስረዱ። ቃላቱ የእንግሊዝኛ ውርስ መሆናቸው አይጎዳም፤ ስዊች ስዊች ነው። ነገር ግን «ይህ መስመር ቢቆረጥ ሒሳብ ክፍሉ ምን ይሆናል?» ተብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጠየቅ ሳይደናገር የሚመልስ ተማሪ ነገሩ የገባው ተማሪ ነው፤ የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ የሚያነበንበው ግን ገብቶት ይሁን አይሁን መለየት አይቻልም። ይህን የምለው እኔ ራሴ ለዓመታት ሳይገባኝ ሳነበንብ ስለኖርሁ ነው።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የግዥ ክፍሎች ደግሞ ሁለት ነገር እንድታስቡ አደራ እላለሁ። «ስዊች 6፣ ራውተር 2፣ ኬብል 10 ካርቶን» ብቻ የሚል ጨረታ አታውጡ፤ መጀመሪያ ንድፉን አሠሩ፣ ከተቻለም ንድፉን የሚሠራውና ዕቃውን የሚያቀርበው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያነሰ ዕቃ እንዲመክር መጠበቅ ይከብዳልና። ሥራ ስትረከቡም መብራት መብራቱን አይታችሁ ብቻ አትፈርሙ። የኔትወርኩ ሥዕል፣ የአድራሻ ሠንጠረዡ፣ በሁለቱም ጫፍ ምልክት የተለጠፈበት ኬብልና የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ኤንቨሎፕ ካልተሰጧችሁ ሥራው አላለቀም። ተማሪዎች ሊለኩ በራችሁን ሲያንኳኩም ክፈቱላቸው።

ከላይ ያነሣሁት መሥሪያ ቤት አዲሱን ስዊች አልገዛም። ከትብብር ሥልጠና ሁለት ልጆች ጋር ሆነን ለሦስት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ኬብሎቹን ፈልገን ቁጥር ለጠፍንባቸው፤ ፎቆቹንም ለያየናቸው፤ በነበሩት ስዊቾች ውስጥ ተኝተው የነበሩትን ጥበቃዎችም አበራን። ሥዕሉን የሣለችው ከሁለቱ አንዷ ናት። መጀመሪያ ቀን ሜትር ስሰጣት «ይህ የግንበኛ ሥራ አይደለም ወይ?» ብላኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ከአራተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ኬብል ከ90 ሜትር እንደሚያልፍ እኔ ሳላየው ያገኘችው እርሷ ናት። ሥዕሉ ዛሬ በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል፤ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ቀኑና የሠራው ሰው ስም ከግርጌው ይጻፍበታል።

የዚህን ሥራ የአድራሻ ሠንጠረዥ፣ የመለኪያ ቅጾችና የጥያቄ ዝርዝር፣ የመሥሪያ ቤቱን ማንነት የሚገልጸውን አውጥቼ፣ ማስተማሪያ እንዲሆን ለሚፈልግ ክፍል ሁሉ ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንድ ሕንፃ አብሬ እለካለሁ፤ ሜትሩን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

በደሴ ከተማ የሚሠራ የኔትወርክ ባለሙያ